ቦታውን የሳተ ጥርጣሬ፦ የፓርኪንሰን ሕመም፣ መርዝና መድኃኒት በ200 ዓመት ታሪክ

አንድ አባት እጃቸው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ቡና ሲቀርብላቸው ስኒው ከማስቀመጫው ጋር ይንኳኳል፣ እርምጃቸው ያጥራል፣ ፊታቸው ደስታም ሐዘንም አላሳይ ይላል፣ የእጅ ጽሑፋቸው ከመስመር ወደ መስመር እያነሰ ይሄዳል። ቤተሰብ መጀመሪያ «እርጅና ነው» ይላል። ቀጥሎ «ምች ይሆን?»፣ «የሰው ዓይን ይሆን?» ይባላል፤ ጸበልም ይሞከራል። ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ሐኪም ዘንድ ሲደረስ የፓርኪንሰን ሕመም መሆኑ ይነገራል። ያን ጊዜ ልጆች ሁለት ጥያቄ ያነሳሉ። አንደኛው «ከምን መጣባቸው?» ነው፤ ሁለተኛው «መድኃኒቱን አሁን ይጀምሩ ወይስ ይቆይላቸው?»

ሁለቱም ጥያቄዎች ረጅም ታሪክ አላቸው፤ ታሪካቸውም የተጠላለፈ ነው። ስለ ሕመሙ መንስኤ ከተገኙት ፍንጮች ብዙዎቹ ከፋብሪካ፣ ከማዕድን ማውጫ፣ ከእርሻና ከመርዛማ ዕፅዋት የመጡ ናቸው። መድኃኒቱም የተገኘው በዚያው መንገድ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ባለፉት 50 ዓመታት የሕሙማኑም የሐኪሞቹም ጥርጣሬ በብዛት ያረፈው በመድኃኒቱ ላይ እንጂ በመርዙ ላይ አይደለም። ጥርጣሬው ቦታውን ስቷል ብዬ አምናለሁ፤ ለምን እንደማምን ለማሳየት ታሪኩን ከመጀመሪያው መከተል ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጄምስ ፓርኪንሰን በ1755 በለንደን፣ ሆክስተን በሚባል ሰፈር የተወለደ ሐኪም ነበር። ለድሆች መብት ይጽፋል፣ ቅሪተ አካል ይሰበስባል፣ በሰፈሩ ሕሙማንን ያክማል። በ1817 አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ፤ የምትተርከው ስለሚያንቀጠቅጥ ሽባነት ነው። በመጽሐፏ የተገለጹት ሕሙማን ስድስት ብቻ ሲሆኑ፣ አንዳንዶቹን ያገኛቸው መንገድ ላይ ሲሄዱ አይቶ ነው። ጎበጥ ብለው፣ ወደ ፊት ተስበው፣ ሳይፈልጉ ከእርምጃ ወደ ሩጫ ሲገቡ ያየውን ጻፈ። ገለጻው ዛሬም ድረስ የሚደነቅ ነው። የበሽታው ሥር ያለው ግን ከአንገት ግድም ባለው የአከርካሪ ሰረሰር ውስጥ ነው ብሎ ስለገመተ፣ ያቀረበው ሕክምና ከአንገት ደም ማፍሰስ ነበር።

ፓርኪንሰን የኖረባት ለንደን የድንጋይ ከሰል ጢስ የዋጣት ከተማ ስለነበረች፣ ሕመሙ ከኢንዱስትሪ ጋር አብሮ ተወለደ የሚሉ አሉ። ይህን እስከ መጨረሻው አልከተላቸውም። በሕንድ የጥንት የሕክምና መጻሕፍት ውስጥ ሰውነትን የሚያንቀጠቅጥ ተመሳሳይ ሕመም ተገልጿል። ለሕክምና ይታዘዝ የነበረውም ሙኩና የተባለ የአተር ወገን የሆነ ተክል ፍሬ ነው፤ ፍሬው ዛሬ ሐኪም የሚያዝዘውን ንጥረ ነገር በብዛት ይዟል። ስለዚህ ሕመሙ ጥንታዊ ነው። ጥያቄው የኢንዱስትሪው ዘመን አበዛው ወይስ አላበዛውም የሚለው ነው።

ሕመሙን በፓርኪንሰን ስም የጠራው ዣን ማርተን ሻርኮ የተባለው የፓሪስ ሐኪም ነው። በሳልፔትሪዬር ሆስፒታል ከዕፅ የሚቀመም መድኃኒት ይሰጥ ነበር። ሕሙማኑ በባቡርና በሠረገላ ሲጓዙ እፎይ እንደሚሉ ሰምቶም የሚንቀጠቀጥ ወንበር አሠራ። መንስኤውን ግን እርሱም አላገኘም።

የመጀመሪያው የመርዝ ፍንጭ ከሻርኮ ቀደም ብሎ ከስኮትላንድ ከተማ ከግላስጎው መጥቶ ነበር። በ1837 ጆን ኩፐር የተባለ ሐኪም፣ ጨርቅ ማንጫ ዱቄት በሚሠራ ፋብሪካ የማንጋኒዝ ድንጋይ ይፈጩ የነበሩ ሠራተኞችን ገለጸ። እግራቸው ደክሟል፤ ወደ ፊት ያዘነብላሉ፤ ድምፃቸው ወደ ሹክሹክታ ወርዷል፤ ምራቃቸው ይዝረበረባል። መንቀጥቀጥ ግን አልነበረባቸውም። ዛሬ የማንጋኒዝ መመረዝ ከፓርኪንሰን ሕመም የተለየ፣ ሌላ የአንጎል ክፍል የሚያጠቃ ጉዳት መሆኑ ታውቋል። ቢሆንም የኩፐር ጽሑፍ አንድ ነገር አረጋገጠ፦ ሰው በሥራ ቦታው የሚተነፍሰው አቧራ እንቅስቃሴውን ሊያስረው ይችላል። ለዚያ ማስረጃ ጆሮ የሰጠ አልነበረም፤ ፍሬ ያፈራው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

በመካከሉ በ1910ዎቹ መጨረሻና በ1920ዎቹ ዓለምን ያዳረሰ የእንቅልፍ ወረርሽኝ መጣ። የቪየናው ኮንስታንቲን ፎን ኤኮኖሞ በ1917 ገለጸው። ከሞት የተረፉት ብዙዎቹ ከዓመታት በኋላ እንደ ሐውልት ደርቀው ቀሩ። በ1919 ኮንስታንቲን ትሬቲያኮፍ በፓሪስ ባቀረበው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ በእነዚህም በተራ የፓርኪንሰን ሕሙማንም አንጎል ውስጥ የሚጠፋው አንድ ጠቆር ያለ ቦታ መሆኑን አሳየ። በመካከለኛው አንጎል የሚገኘው ይህ ቦታ ዛሬ እንደምናውቀው ዶፓሚን የሚባለውን መልእክት አቀባይ ኬሚካል ያመርታል። የታመመው ሰው እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ከዚያ ክፍል ሕዋሳት ብዙዎቹ ቀድመው ሞተዋል። ይህ በሕመሙ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚያሳዝነው ሐቅ ይመስለኛል፤ ምልክቱ ሲታይ ጉዳቱ ያለፈ ነው።

የመድኃኒቱ ታሪክ የሚጀምረው ከባቄላ ነው። በ1913 ማርኩስ ጉገንሃይም የተባለ የስዊዘርላንድ ኬሚስት ከባቄላ እሸት ሌቮዶፓን ለየ፤ ራሱ ቀምሶትም አስታወከው። አገራችን በባቄላ ምርት ከዓለም ግንባር ቀደሞቹ አንዷ ናት፤ ገበሬው በክረምት ማብቂያ እሸቱን ሲፈለፍል በእጁ የያዘው የዚያን መድኃኒት መነሻ ነው። ጉገንሃይም ጥቅሙን አላወቀም፤ ለ40 ዓመት ያህልም ማንም አላወቀም።

በ1957 ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን ለጥንቸሎች ሬሰርፒን የተባለ መድኃኒት ሰጠ፤ ጥንቸሎቹም ፈዘው ቀሩ። ሌቮዶፓ ሲወጋቸው ነቁ። ሬሰርፒን በዚያን ዘመን ለደም ግፊት የሚታዘዝ፣ ከዕፅ የተገኘ መድኃኒት ሲሆን በሚወስዱት ሰዎች ላይም የፓርኪንሰን መሰል ግትርነት ያስከትል ነበር። በ1960 ኦሌህ ሆርኒኪየቪች ከባልደረባው ጋር የሞቱ ሕሙማንን አንጎል መርምሮ ዶፓሚን መጉደሉን አሳየ። በ1961 ደግሞ ከቫልተር ቢርክማየር ጋር በቪየና ሌቮዶፓን በደም ሥር ሰጡ፤ ከአልጋ መነሳት ያቃታቸው ሰዎች ተነስተው ሄዱ።

ያ መነሳት ግን ለሰዓታት ብቻ ነበር። በክኒን፣ በየቀኑ፣ በቋሚነት እንዲሠራ ያደረገው በአሜሪካ ይኖር የነበረው ጆርጅ ኮትዚያስ ነው። ኮትዚያስ ወደዚህ የመጣው በኩፐር መንገድ ነበር፤ በቺሊ የማንጋኒዝ ማዕድን ቆፋሪዎችን ያጠና ነበርና። መጠኑን በጣም ትንሽ ከሆነ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ትልቅ በማሳደግ በ1967 ውጤቱን አሳተመ። የአሜሪካ መንግሥት መድኃኒቱን በ1970 ፈቀደ። ብዙም ሳይቆይ ካርቢዶፓ ተጨመረበት፤ ካርቢዶፓ ሌቮዶፓ አንጎል ሳይደርስ ወደ ዶፓሚን እንዳይለወጥ ስለሚከላከል ማቅለሽለሹ ቀነሰ፣ የሚያስፈልገውም መጠን አነሰ።

የመድኃኒቱ ጥርጣሬ የተወለደው ወዲያው ነው። በ1969 በኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ በሚገኝ ሆስፒታል ኦሊቨር ሳክስ ከእንቅልፍ ወረርሽኙ ተርፈው ለአሥርት ዓመታት ደርቀው ለኖሩ ሰዎች ሌቮዶፓ ሰጠ። ተናገሩ፣ ዘፈኑ፣ ሄዱ። ሳምንታትና ወራት ሲያልፉ ግን በብዙዎቹ ላይ አዲስ መከራ መጣ፦ ያለ ፈቃድ መወራጨት፣ ቅዠት፣ ድንገት ወደ ድርቀት መመለስ። የተራ ፓርኪንሰን ሕሙማንም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመሳሳይ ነገር አዩ። መድኃኒቱ ሲሠራ ይወራጫሉ፣ ሲያልቅ ይደርቃሉ። ከዚያም በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ያሉ የነርቭ ሕዋሳት በብዙ ሌቮዶፓ ሲሞቱ ታየ። «መድኃኒቱ ራሱ ሕዋሳቱን ይገድል ይሆን?» የሚለው ፍርሃት ከዚህ ተነሳ። ብዙ ሐኪሞችም «በተቻለ መጠን ይዘግይ» ማለት ጀመሩ። ይህ ምክር እስከ ዛሬ በየቤቱ ይነገራል።

ጥያቄው በሥርዓት እስኪፈተን ብዙ ዓመታት ፈጀ። ከዚያ በፊት ግን ታሪኩ አቅጣጫውን የቀየረው በካሊፎርኒያ በደረሰ አደጋ ነው።

በ1982 በሳን ሆዜ ከተማ አንድ የ42 ዓመት ሰው ሳይናገርና ሳይንቀሳቀስ፣ ዓይኑን ብቻ ገልጦ ሆስፒታል ተወሰደ። ሐኪሞቹ የአእምሮ ሕመም መሰላቸው። ዊሊያም ላንግስተን የተባለው የነርቭ ሐኪም ሲመረምረው ግን፣ በአንድ ጀንበር የመጣ ቢሆንም ነገሩ ሁሉ ለዓመታት የቆየ ፓርኪንሰን ይመስል ነበር። ተመሳሳይ ሕሙማን በአካባቢው ተገኙ፤ ሁሉም በድብቅ ቤተ ሙከራ የተሠራ ሄሮይን መሰል አደንዛዥ ዕፅ በደም ሥራቸው የወሰዱ ነበሩ። በቅመማው ስህተት ኤም.ፒ.ቲ.ፒ. የተባለ ኬሚካል ተፈጥሯል። ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በሜሪላንድ አንድ የኬሚስትሪ ተማሪ በዚሁ ስህተት ታሞ ጉዳዩ በአንድ የሕክምና መጽሔት ወጥቶ ነበር፤ ብዙ ሰው ግን አላየውም። ላንግስተንና ባልደረቦቹ በ1983 ግኝታቸውን አሳተሙ።

ኤም.ፒ.ቲ.ፒ. ራሱ መርዝ አይደለም። አንጎል ውስጥ ሲገባ ኤም.ኤ.ኦ.-ቢ የተባለ ኢንዛይም ወደ ሌላ ኬሚካል ይለውጠዋል። የተለወጠው ኬሚካል ዶፓሚን በሚያልፍበት በር በኩል ወደ ሕዋሱ ይገባል፤ በውስጡም ማይቶኮንድሪያ የሚባለውን፣ ለሕዋሱ ጉልበት የሚያመነጨውን ክፍል ያንቃል። ጉልበት ያጣ ሕዋስ ይሞታል። ከዚህ በፊት «መርዝ ፓርኪንሰን ያመጣል» ማለት ግምት ነበር። ከ1983 በኋላ መንገዱ ከበር እስከ ጓዳ ታወቀ።

ሳይንቲስቶቹ ቀጥለው ያዩት ነገር ነው ገበሬውን የሚያሳስበው። የተለወጠው ኬሚካል ፓራኳት ከተባለው ፀረ አረም ጋር በቅርጹ ይመሳሰላል። ፓራኳት በ1962 ገበያ ላይ የዋለ፣ በዓለም በብዛት ከሚረጩት ፀረ አረሞች አንዱ ነው። ሕዋስን የሚጎዳበት መንገድ የተለየ ቢሆንም ጥርጣሬው በትክክለኛው ቦታ አረፈ። በ2009 በካሊፎርኒያ ማዕከላዊ ሸለቆ የተሠራ ጥናት፣ ፓራኳትና ማኔብ የተባለ ፀረ ፈንገስ በአንድነት ከተረጩበት ማሳ በ500 ሜትር ውስጥ የኖሩ ሰዎች በፓርኪንሰን የመያዝ ዕድላቸው በ75 በመቶ ከፍ ብሎ አገኘው። በ2011 የታተመ ሌላ ጥናት 110 ሕሙማንንና 358 ጤነኞችን አወዳደረ፤ ፓራኳትን ወይም ሮቴኖንን የተጠቀሙት የመታመም ዕድላቸው 2 ተኩል እጥፍ ነበር።

ሮቴኖን ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ወደ እኛ ያመጣናል። ሮቴኖን ከዕፅዋት ሥርና ፍሬ የሚገኝ መርዝ ነው፤ «የተፈጥሮ ነው» ተብሎ በየጓሮው ይረጭ ነበር። በ2000 ቲሞቲ ግሪናማየርና ባልደረቦቹ ለአይጦች ለሳምንታት በትንሽ በትንሹ ሲሰጡ የዶፓሚን ሕዋሳቱ ሞቱ፤ በሰው ፓርኪንሰን የሚታየው ዓይነት የፕሮቲን ክምችትም ታየ። ይኸው ሮቴኖን በብርብራ ፍሬ ውስጥ አለ። ብርብራ በአገራችን ብቻ የሚበቅል ዛፍ ሲሆን፣ በጣና ዙሪያና በሌሎች ቦታዎች ፍሬው ተፈጭቶ ውኃ ላይ ይበተናል፤ ዓሣው ትንፋሽ አጥቶ ይንሳፈፋል። ዓሣውን የሚገድለው አሠራር የአይጦቹን ሕዋሳት ከገደለው ጋር አንድ ነው። ከዚህ ተነስቶ በብርብራ የተያዘ ዓሣ የበላ ሰው ይንቀጠቀጣል ማለት አይቻልም፤ ሮቴኖን በፀሐይ ብርሃን ቶሎ ይፈርሳል፣ ከአንጀት ወደ ደም የሚገባውም ጥቂት ነው። ዱቄቱን የሚፈጨውና አቧራውን የሚተነፍሰው ሰው ግን ሊጠና ይገባል።

ከዕፅዋት የመጣ ሌላ ፍንጭ አለ። በካሪቢያን ባሕር ባለችው ጓዴሉፕ ደሴት በ1990ዎቹ ለሌቮዶፓ እምብዛም የማይመልስ ፓርኪንሰን መሰል ሕመም በብዛት ታየ። በ1999 የታተመ ጥናት ከአንድ የጊሽጣ ዘመድ ፍሬና ቅጠል ጋር አያይዞታል፤ በውስጡ ያለው ኬሚካል እንደ ሮቴኖን ማይቶኮንድሪያን ያንቃል። በፓስፊክ ባሕር ባለችው ጉዋም ደግሞ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ የቻሞሮ ሕዝብ ሽባነትን፣ መንቀጥቀጥንና የመርሳት ችግርን ባጣመረ ሕመም ከሌላው ዓለም በብዙ እጥፍ ተጠቃ። የአኗኗር ዘይቤያቸው ሲለወጥ ሕመሙም እየቀነሰ ሄደ። የሰው ዘር በአንድ ትውልድ አይለወጥም፤ የሚለወጠው የሚበላውና የሚነካው ነው። ጥርጣሬው ሳይካድ በተባለ ዛፍ ፍሬ ላይ ወደቀ። በ1987 ፒተር ስፔንሰር ከፍሬው የተገኘ አንድ አሚኖ አሲድ ዝንጀሮዎችን እንደሚያሳምም ሲያሳይ፣ ቀደም ብሎ ያጠናው የዚያን ኬሚካል ዘመድ ነበር፤ የጓያን መርዝ።

ለአማርኛ አንባቢ ጓያን ማስረዳት አያስፈልግም። ድርቅ ሲመጣ ሌላው ሰብል ሲጠፋ ጓያ ይበቅላል፤ ወራት ሙሉ እርሱን ብቻ የበላ ወጣት አንድ ቀን ጉልበቱ ከድቶት በምርኩዝ ይቀራል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ይህን ሕመም በአገራችን ለዓመታት አጥንተዋል። ጓያ ፓርኪንሰን አያመጣም፤ የሚጎዳው ሌላ የነርቭ መስመር ነው። ነገር ግን ምግብ ነርቭን ሊሰብር እንደሚችል ለማመን የውጭ ጥናት የማያስፈልገው ሕዝብ ካለ እኛ ነን። «መርዝ አንጎል ውስጥ ምን ይሠራል?» ብሎ የሚጠይቀውን የደምቢያና የፎገራ ገበሬ ይመልስለታል።

የከተማውንም ሰው የሚመለከት ምዕራፍ አለ። ትራይክሎሮኢቲሊን ብረት ከቅባት ለማጽዳትና ልብስ ያለ ውኃ ለማጠብ ያገለገለ ኬሚካል ነው። በአሜሪካ፣ በሰሜን ካሮላይና ባለው ካምፕ ለዡን የጦር ሠፈር የመጠጥ ውኃ ለአሥርት ዓመታት በዚህ ኬሚካል ተበክሎ ነበር። በ2023 የታተመ ጥናት በዚያ የኖሩትን ወታደሮች በካሊፎርኒያ ካምፕ ፔንድልተን ከኖሩት ጋር አወዳደረ፤ የመጀመሪያዎቹ በፓርኪንሰን የመያዝ ዕድላቸው በ70 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ኬሚካሉን የሚያግድ ደንብ ያወጣው በታኅሣሥ 2024 ነው። ፈረንሳይ በበኩሏ ከ2012 ጀምሮ ፀረ ተባይ የሚነኩ ገበሬዎች ፓርኪንሰን ሲይዛቸው የሥራ ሕመም ብላ ትቀበላለች። የአውሮፓ ኅብረት ፓራኳትን በ2007 አስወጥቷል።

ተቃራኒውን ወገን ሳልሰማ ማለፍ አልፈልግም። የፀረ ተባይ ጥናቶች አብዛኛዎቹ የሚመሠረቱት ሰው ከብዙ ዓመት በፊት የረጨውን በማስታወሱ ላይ ነው። ሁሉም ጥናት አንድ ዓይነት ውጤት አልሰጠም። ከሚረጩት ገበሬዎች ብዙዎቹ አይታመሙም፤ ከሚታመሙት ብዙዎቹ ረጭተው አያውቁም። የዘር ድርሻም አለ። በ1997 በጣሊያንና በግሪክ ቤተሰቦች የተገኘው የአልፋ ሲኑክሊን ዘረ መል ለውጥ ሕመሙን በቀጥታ ያመጣል። በ2023 ደግሞ ናይጄሪያ ውስጥ በተሠራ ጥናት፣ በአፍሪካ ዘር ሰዎች ላይ የሚገኝ ጂ.ቢ.ኤ.1 የተባለ ዘረ መል ለውጥ አደጋውን ከፍ እንደሚያደርግ ታወቀ፤ ይህ ለውጥ ቀድሞ በአውሮፓውያን ጥናት ሊገኝ አልቻለም ነበር። ዕድሜ ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ከ8.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከሕመሙ ጋር እንደሚኖሩ ገምቷል፤ ከ2000 ወዲህ በሕመሙ የሚሞተው ቁጥር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ከዚህ ጭማሪ ብዙው ሰው ረጅም ዕድሜ ስለኖረ ነው።

ይህን ሁሉ ከቆጠርሁ በኋላም ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን ያደላብኛል። ዕድሜን መከልከል አንችልም፣ ዘርን መምረጥ አንችልም። የምንረጨውን ግን እንመርጣለን። በሰው ላይ የተፈተሸ ፍጹም ማረጋገጫ እስኪገኝ እንጠብቅ ማለት፣ ማንም ሰው ሆን ብሎ በሰው ላይ ሊሠራው የማይችለውን ሙከራ እንጠብቅ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። ከኤም.ፒ.ቲ.ፒ. በኋላ ሰሌጂሊን የተባለ፣ ኤም.ኤ.ኦ.-ቢ የተባለውን ያንን ኢንዛይም የሚገታ መድኃኒት ሕመሙን ያዘገይ ይሆናል ተብሎ ተስፋ ተደረገ። በ1989 ይፋ የሆነው ትልቅ የአሜሪካ ሙከራ መድኃኒቱን የወሰዱት ሌቮዶፓ የሚያስፈልጋቸው ጊዜ መዘግየቱን አሳየ፤ ቆይቶ ግን ምልክቱን ስላቀለለ እንጂ የሕዋሳቱን ሞት ስላቆመ አለመሆኑ ታየ። በ1995 በብሪታንያ የወጣ ውጤት ሰሌጂሊንን ከሌቮዶፓ ጋር የወሰዱት በብዛት ሞተዋል ብሎ አስደነገጠ፤ በኋላ የመጡ ጥናቶች አላጸኑትም። የፅንስ ሕዋስ በአንጎል ውስጥ መትከል ተሞከረ። በ2001 የታተመው የአሜሪካ ሙከራ፣ ግማሾቹ የራስ ቅላቸው ተበስቶ ምንም ሳይተከልላቸው የተወዳደሩበት ነበር፤ ከተተከለላቸውም አንዳንዶቹ መድኃኒት ባይወስዱም የሚወራጩ ሆነው ቀሩ። አልፋ ሲኑክሊንን የሚያጠቁ ፀረ እንግዳ አካላት በ2022 የታተሙ ሁለት ሙከራዎች ላይ ዋና ግባቸውን አልመቱም። ሕመሙን የሚያቆም መድኃኒት እስካሁን የለም። በዚህ ረገድ ጥርጣሬው ትክክል ነው፤ «ፈወስኩ» የሚል ሰው ሲመጣ ሊጠረጠር ይገባል።

በሌቮዶፓ ላይ ያለው ፍርሃት ግን ተፈትኖ ወድቋል። በ2004 የወጣው ሙከራ 361 አዲስ ሕሙማንን ለ40 ሳምንት በተለያየ መጠን ወይም በባዶ ክኒን ተከታተለ፤ ከዚያ መድኃኒቱ ለሁለት ሳምንት ተቋረጠ። ሌቮዶፓ የወሰዱት ከባዶ ክኒን ወሳጆቹ የባሱ አልሆኑም፤ እንዲያውም የተሻሉ ነበሩ። የአንጎል ምስሉ ሌላ ስለተናገረ ክርክሩ ቀጠለ። በ2019 በኔዘርላንድስ 445 ሕሙማን የተሳተፉበት ሙከራ ወጣ። ግማሾቹ ወዲያው፣ ግማሾቹ ከ40 ሳምንት በኋላ ጀመሩ። በ80ኛው ሳምንት ልዩነት አልነበረም። ሌቮዶፓ ሕመሙን አላፋጠነም፤ አላዘገየውምም።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ማስረጃ ከአፍሪካ የመጣ ነው። ሮቤርቶ ቺሊያና ባልደረቦቹ በ2014 ባሳተሙት ጥናት ጋና ውስጥ ያሉ ሕሙማንን ከጣሊያን ሕሙማን ጋር አነጻጸሩ። ጋናውያኑ መድኃኒቱን የጀመሩት ዘግይተው ነው፤ በአማካይ ሕመሙ ከጀመራቸው ከ4 ዓመት በኋላ። የዘገዩት በምክር ሳይሆን በእጦት ነበር። ታዲያ መወራጨቱና የመድኃኒቱ መቋረጥ ስሜት የመጣባቸው ሕመሙ ከጀመረ ተመሳሳይ ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው፤ መድኃኒቱን ዘግይተው መጀመራቸው አላዳናቸውም። መወራጨቱን በብዙ የሚወስነው የሕመሙ ዕድሜና በቀን የሚወሰደው መጠን እንጂ፣ መድኃኒቱ የተጀመረበት ቀን አይደለም። «ይቆይላቸው» የተባሉት ሰዎች ያተረፉት መልካም ሊሆኑ የሚችሉ ዓመታትን ማጣት ብቻ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ፕሮፌሰር ረዳና ባልደረቦቻቸው በ1990 ያሳተሙት፣ በመስቃንና ማረቆ 60,820 ሰዎችን ቤት ለቤት የቆጠረ ጥናት ፓርኪንሰንን ከ100,000 ሰው በ7ቱ ላይ አግኝቶታል። ከአውሮፓ ቁጥር እጅግ ያነሰ ነው፤ የአገራችን ሕዝብ ወጣት መሆኑና የሕሙማኑ ቶሎ መሞት የቁጥሩን ማነስ በከፊል ያስረዳሉ። ከዚያ ወዲህ ዕድሜያችን ረዝሟል፤ የምንረጨውም በዝቷል። የጤፍ ማሳ በፀረ አረም ይታረማል፤ በስምጥ ሸለቆ ሽንኩርትና ቲማቲም በሳምንት ደጋግሞ ይረጫል፤ የአበባ እርሻዎች አሉ። ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ በየመጋዘኑ ተከማችቶ፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከ1,000 ቶን በላይ ተሰብስቦ እንዲቃጠል ወደ ፊንላንድ ተጭኗል። የሚረጨው ሰው ግን ዛሬም በብዙ ቦታ በባዶ እግሩና ያለ ጭምብል ነው፤ የሚፈሰውን መርጫ በጀርባው ተሸክሞ ንፋስ ፊት ይቆማል። እርሱ 60 ዓመት ሲሞላው እጁ ቢንቀጠቀጥ «እርጅና ነው» ይባላል እንጂ የረጨውን የሚጠይቀው የለም።

ስለዚህ ጥያቄዬን ለሚመለከታቸው አቀርባለሁ። ፀረ ተባይ የሚመዘግበው አካል፣ ሌሎች አገሮች ለነርቭ ጤና ሲሉ ያገዱትን ኬሚካል ሲፈቅድ ምክንያቱን ለሕዝብ ያስታውቅ። የነርቭ ሐኪሞቻችን ሕሙማንን ሲቀበሉ የት እንዳረሱ፣ ምን እንደረጩ፣ ከምን ጉድጓድ ውኃ እንደጠጡ ይጻፉ፤ ያ መዝገብ ከ20 ዓመት በኋላ የራሳችንን መልስ ይሰጠናል። የጤና ተቋማት ሌቮዶፓ ከካርቢዶፓ ጋር ከዋና ከተማው ውጭ እንዳይጠፋ ያድርጉ።

በቤታችሁ ሕሙም ያላችሁ ደግሞ፣ ሐኪም ያዘዘውን ሌቮዶፓ በፍርሃት አታዘግዩ። ሥጋና እንቁላል የመሰለ ፕሮቲን የበዛበት ምግብ መድኃኒቱ እንዳይሰርጽ ስለሚሻማው፣ የምግቡንና የክኒኑን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ። ባቄላ ሌቮዶፓ ቢኖረውም መጠኑ ከማሳ ማሳ ስለሚለያይ በክኒኑ ምትክ አይበላም፤ መድኃኒቱንም በድንገት አታቋርጡ፣ ማቋረጡ ለሕይወት ያሰጋልና። ባዶ የፀረ አረም ጀሪካን የውኃ መቅጃ ያደረጋችሁ ካላችሁ ግን ዛሬውኑ ብሱትና ከቤት አርቁት።